የወንጌላዊው የሚካኤል ተራ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ የጀመረው በእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ከመነኸሪያው ጀርባ ነው። ከዚያ በፊት አይሱዙ እየነዳሁ የእስቴን ድንች ደብረ ታቦር ሳደርስ ኖሬአለሁ። መንገዱ ከማንገጫገጩ የተነሳ ጉበቴና ኩላሊቴ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ሐኪም ቢከፍተኝ ግራ ይጋባል። ድንች ግን መልካም ተሳፋሪ ነው። አያስመልሰውም፣ "ቀስ በል" አይልም፣ የት እንደደረስን አይጠይቅም። እኔ ደግሞ ወሬ የምወድ ሰው ነኝ። ከድንች ጋር ስንት ዓመት ይወራል? "እስቲ ደግሞ ሰው ልጫን" ብዬ ነው ሾፌር ይፈለጋል ወደተባለበት የሄድኩት።

አንዲት ነጭ ላንድክሩዘር ቆማለች። አጠገቧ ቀጠን ያለ ሰው፣ ሚስቱና የፊት ጥርሶቿን ያወለቀች ልጁ ቆመዋል። ሰውዬው ዳንኤል ይባላል፤ ከሆሳዕና የመጣ ወንጌላዊ ነው፣ በሙያው ደግሞ የውሃ ቴክኒሻን። ሚስቱ ሲስተር ብርሃኔ ነርስ ናት። ልጅቱ ቤቴል። ሦስቱም ከነፍራሻቸው ወደ ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ሊገቡ ነው። የላካቸው ቤተ ክርስቲያን በአዲስ አበባ ቢሮ አለው፤ ሥራቸው ከወገዳ በታች ቆላ ዋንዛ የምትባል መንደር ወርዶ ምንጭ ማጎልበት፣ ሕመምተኛ ማከምና ከተፈቀደላቸው ወንጌል መስበክ ነው።

"ሾፌሩ እርስዎ ነዎት?" አለኝ።

"አንተ በሉኝ። እርስዎ ሲሉኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው ያለ ይመስለኛል።"

"እንግዲያው አንተም አንተ በለኝ። አብረን ገደል የምንወርድ ሰዎች ነን።"

ኮፈኑን ከፍቼ ዘይቱን፣ የራዲያተሩን ውሃ፣ ቺንጊያውን አየሁ። ከሥር ገብቼ ባሌስትራውን፣ ጭነት የሚሸከመውን ብረት፣ በመዶሻ እየመታሁ ድምፁን አዳመጥኩ። ስወጣ ዳንኤል ደንቡን ነገረኝ። ሲጋራ የለም። መጠጥ የለም። ያልተፈቀደለት ሰው መኪናው ላይ አይወጣም።

ሁለቱን በልቤ ፈረምኩ። ሦስተኛውን ግን የጻፈው ሰው የስማዳን መንገድ አያውቅም አልኩ። ከእስቴ ወጥተን ገና አቧራው ጥርሳችን ውስጥ ሳይገባ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ሆዷን ይዛ መንገድ ዳር ተቀምጣለች። ፍሬን ልያዝ አልያዝ ብዬ ዳንኤልን በዓይኔ ጠየቅኩት። እሱ መልስ ሳይሰጥ ሲስተር ከኋላ በሩን ከፍታ "ቆም በል እንጂ!" አለች። መኪናዋ እየሄደች ነው እኮ! ወገዳ ስንደርስ ነፍሰ ጡሯ፣ እናቷ፣ የእናቷ ጎረቤት፣ ሁለት ዶሮና አንድ ዲያቆን ጭነን ነበር። ዳንኤል ስለ ሦስተኛው ደንብ ዳግመኛ አላነሳም።

ቆላ ዋንዛ መኪና አይገባም። መንገዱ አፋፉ ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ በእግር ነው፤ ቁልቁለቱ ከመርዘሙ የተነሳ ከላይ ሲጀምር ጢሙን የተላጨ ሰው ታች ሲደርስ ጢም ያወጣል። እኔ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጌ፣ መሪውን ቆልፌ፣ የሲስተርን የመድኃኒት ሳጥን ተሸክሜ ወረድኩ። ሾፌር መኪናው በቆመበት ይቀመጣል የሚል ካለ ከሲስተር ብርሃኔ ጋር አልሠራም።

መንደሪቱ ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሥር ተበትናለች። የዚያን ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ ገባ፣ ሲገባም ማሽላውን በረዶ መታው። ሰዉ ከስቶ ነበር። ምንጩ ከአብዛኞቹ ቤቶች በታች፣ ገደሉ ሥር ነው፤ ሁለት ዓይን አለው። ከላይኛው ጠበል ይቀዳል። ከታችኛው ሴቶቹ ለቤት ይቀዳሉ፣ ከብቱም እዚያው ይጠጣል። ዳንኤል የታችኛውን ዓይን በግንብ ከልሎ ከከብቱ ሊለየው፣ ከዚያ ውሃውን በጎኑ አዙሮ በቧንቧ ወደ መንደሩ ሊያመጣው ነው ሐሳቡ። ሲለካ እንዳየሁት መንደሩ በአንድ ጎን ከምንጩም ዝቅ ብሎ ይወርዳል፤ ውሃው እዚያ ላለው የታችኛው ሰፈር ሜዳ ያለ ሞተር ይደርሳል።

ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተሰበሰበ። የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ሞላ ጭራቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"ወንጌል ልትሰብኩን ነው የመጣችሁ?" አሉ። "ወንጌሉን እኛ ከነቆዳው ይዘነው ኖረናል። ብራናው አለ፤ ከፈለግህ እናነብልሃለን።"

ሰዉ ሳቀ። ዳንኤልም ሳቀ። "አባታችን፣ ስታነቡልኝ እሰማለሁ። አሁን ግን ውሃ ልናወጣላችሁ ነው የመጣነው።"

"ውሃውማ ወጥቷል። እግዜር አውጥቶታል።"

ከሴቶቹ መሐል አንዲት ጠይም፣ ወገቧን በመቀነት ጠብቃ ያሰረች ሴት ተነሳች። እትዬ ጥሩወርቅ ትባላለች፤ የአያ ካሴ ሚስት ናት። "አባቴ፣ እግዜርስ አውጥቶታል። ከገደሉ ሥር እስከ ቤቴ ግን የሚያወጣው የኔ ወገብ ነው" አለች።

ቄሱ ጭራቸውን አወናጨፉ። የሰዉ ፍርሃት ግልጽ ነበር፤ ጴንጤ በሲሚንቶ የነካው ምንጭ ጠበልነቱ ይሄዳል፣ ቧንቧው ዛሬ ከታች ቢጀምር ነገ ወደ ላይኛው ይወጣል፣ ከነገ ወዲያ ውሃ ልትቀዳ የመጣችውን ሁሉ ለስብከት ያስፈርማታል። "እንመክርበታለን" ተባለ። በኛ አገር "እንመክርበታለን" ማለት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

በየወሩ ወረድን። ሲስተር መንደሩ መሐል ካለው ትልቅ ዋንዛ ሥር የሕፃናት ዓይን ታጥባለች፣ ቁስል ታሽጋለች፣ ነፍሰ ጡር ታያለች። እሷን ወደዷት። "ሲስተሯ የኛ ናት፤ ቧንቧው የራሱ ጉዳይ" ይሉ ነበር። ቧንቧው ወገዳ ግቢያችን ውስጥ ተከምሮ የዶሮ ቤት ሆነ። ሲሚንቶው ላይ ድመት ወለደች። በመጨረሻ የአዲስ አበባው ኃላፊ ደወለ። ክረምት ሳይገባ ስምምነት ካልተገኘ ዕቃው ተጭኖ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል፣ ቤተሰቡም አብሮ። ዳንኤል ስልኩን ዘግቶ ለሲስተር ሲነግራት ሰማሁ። "የጥሩወርቅ ወገብስ?" ብቻ አለችው።

የሚያዝያ ሚካኤል ዕለት ቆላ ዋንዛ ነበርን። ፋሲካ አልፎ፣ ጾም የሌለበት ሰሞን ነው። ቄስ ሞላ የማኅበሩ ባለተራ ስለነበሩ "እንግዳ በሚካኤል ቀን ደጅ አይቆምም" ብለው አስገቡን።

ከተማ ላደጋችሁ ሾፌሮች ትንሽ ላስረዳ። ማኅበርተኞቹ በየወሩ በመልአኩ ቀን አንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። ተበልቶ ተጠጥቶ ካበቃ በኋላ ቄሱ ጽዋውን ያነሱና ለሚቀጥለው ወር ባለተራ ይሰጡታል። የተቀበለ ሰው ደጋሽ ነው። ተቀብሎ ልመልስ ማለት የለም።

የሚቀጥለው ወር ተራ የአያ ካሴ ነበር። አያ ካሴ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ማሽላቸውን በረዶ ከመታው በኋላ አንዱ በሬያቸው ሞተ። ጎተራቸው ውስጥ አይጥ ብትገባ አልቅሳ ትወጣለች። ግን ተራቸውን የሳቱበት ዓመት የለም፤ አባታቸውም አልሳቱም። ቄስ ሞላ ጽዋውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው "ካሴ፣ ቅረብ" አሉ።

አያ ካሴ ተነሡ። አንድ እርምጃ ሄደው ቆሙ። እጃቸው ከጋቢያቸው አልወጣ አለ። ጽዋው አየር ላይ ተንጠለጠለ።  ሁሉም የሚያየው መሬት ነው።

ዳንኤል ከቄሱ አጠገብ ነበር የተቀመጠው፤ ሥርዓቱን አያውቅም። በነሱ አገር አንድ ሽማግሌ የዘረጋው እጅ ተንጠልጥሎ ከቀረ ትልቅ ነውር ነው። አሮጌው ቄስ ደከማቸው መሰለው። ብድግ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጽዋውን በሁለት እጁ ተቀበለና "እግዚአብሔር ይስጥልን" አለ።

እኔ በሩ ሥር ነኝ። አፌ ውስጥ የጎረስኩት ዳቦ ወንበር ያህላል። "ተው!" ልል ብሞክር የወጣው "ሙፍ" ነው። ዝንቦች እንኳ ክንፋቸውን ሰበሰቡ። ቄስ ሞላ ባዶ እጃቸውን እያዩ ቀሩ። አንድ ሰው "ኧረ ጉድ!" ሊል አፉን ሲከፍት፣ ከጓዳ በኩል እልልታ ተለቀቀ። እትዬ ጥሩወርቅ ናት። "እልልልልል!" ሌሎቹ ሴቶችም ለምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ተከተሏት። እልል ከተባለ በኋላ ደግሞ ነገሩ አለቀ። የሚካኤልን ጽዋ ወንጌላዊው ወሰደ።

ሽቅቡን ስንወጣ ነው የነገርኩት።

"ምን ተቀበልኩ ነው የምትለኝ?"

"ድግስ።"

"ለማን?"

"ለማኅበርተኛው። ማኅበርተኛው ደግሞ ብቻውን አይመጣም።"

"እኔ እኮ ያዝልኝ ያሉኝ መስሎኝ ነው!"

"ያዝክላቸው እኮ። እስከ ግንቦት ሚካኤል ድረስ ትይዝላቸዋለህ።"

ሲስተር ብርሃኔ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። "እናቴ ሰምታ በሳቅ እንዳትሞትብኝ ቀስ ብዬ ነው የምነግራት" አለች። ቤቴል ጽዋውን ከአባቷ እጅ ተቀብላ በነጠላዋ ጠቀለለችው። "ሚካኤልም ይመጣል?" አለችኝ። "እሱማ ቀድሞ ነው የሚመጣው፤ ችግሩ ሌሎቹ ናቸው" አልኳት።

ወገዳ ግቢያችን አጠገብ ስልክ የሚሠራው አንድ ድንጋይ ላይ ሲቆሙ ነው። ወሬ ከስልክ ይፈጥናል፤ ኃላፊው ሰምቶ ኖሮ በማግስቱ ደወለ። ዳንኤል ድንጋዩ ላይ እንዳለ ድምፁን ስለለቀቀው እኔም ሰማሁ።

"ለታቦት ልትደግስ ነው የሚሉት እውነት ነው?"

"ጎረቤቶቼን ላበላ ነው።"

"ጽዋውን መልስ!"

ዳንኤል ወደ እኔ ዞሮ "ይመለሳል?" አለኝ። "የመለሰ ሰው አላየሁም። ያየ ሰውም አላየሁም" አልኩት።

"አይመለስም" አለ ዳንኤል ለስልኩ። "ግን ከቄሱ ጋር ሳልነጋገር ምንም አላደርግም።"

በሳምንቱ ወረድን። ቄስ ሞላ ዋንዛው ሥር ተቀምጠዋል። አያ ካሴና እትዬ ጥሩወርቅም ነበሩ። ዳንኤል ከፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጠ። "አባታችን፣ ሳላውቅ ነው የተቀበልኩት። አሁን ግን አውቄአለሁ፤ አልመልስም። ልዋሽዎት ደግሞ አልፈልግም። ሚካኤል መልአክ መሆኑን መጽሐፍ ይናገራል፤ አምናለሁ። በስሙ ግን አልለምንም፤ የኔ እምነት አይደለም። ይህን ደብቄ ብደግስ ዋሽቼ አበላኋችሁ ማለት ነው።"

ቄሱ ጭራቸውን ጨበጡ። ቁጡ ሰው ናቸው፤ ጭራው ይነሳል ብዬ ወደ ኋላ ፈቀቅ አልኩ።

"ዋሽቶ ያበላኝ ሰው ብዙ ነው" አሉ በመጨረሻ። "እውነቱን ነግሮኝ ላብላህ ያለኝ አንተ ነህ። ጸሎቱን እኛ እንጸልያለን፤ ተወው። አንተ እንጀራውን አቅርብ። ጠላስ?"

"ጠላ አልጠምቅም፣ አባታችን።"

"ቀሪቦስ? እሱ እንኳ አያሰክርም።"

"ቀሪቦ እሺ።"

እዚህ ላይ በውስጤ ምርር ብዬ አለቀስኩ።

"ቤቱስ?" አሉ ቄሱ። "ያንተ ቤት ወገዳ ነው። እነዚህን ሽማግሌዎች ለምሳ ብዬ ገደል ላስወጣቸው?"

 ከዚያ አያ ካሴ፣ በዚያ ቀን አንዲት ቃል ያልተነፈሱት ሰውዬ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የኔ ቤት አለ። ባዶ ነው እንጂ ቤት ነው።"

ዳንኤል ተነስቶ እጃቸውን ሳመ። እኔ እንግዲህ ከሳቅ በቀር ሌላ ነገር የማያውቅ ፊት ነው ያለኝ፤ ያን ዕለት ግን ፊቴን ወደ ገደሉ አዞርኩ።

ኃላፊው ውሉን ሲሰማ ከአዲስ አበባ ብዙ ተነፈሰ። "እኔ አልሰማሁም" አለ። "ፎቶ እንዳትልክልኝ። ፎቶ እንዳይነሳም። የውሃውን ስምምነት ካላገኘህ ግን ሰኔ ሳይገባ ትወጣለህ።"

ለእህልና ለከብት ጋይንት ወረድን፣ አርብ ገበያ ወደምትባለው ከተማ፣ በገበያው ቀን። ሲስተር ገብስ በእጇ እያሸች፣ ሽሮ አተር እየመረጠች፣ እኔ በግ ወገቡን እየጨበጥኩ ዋልን። ሁለት በጎች ገዛን። አንደኛው ከኋላ ሆኖ መንገዱን ሙሉ አንገቱን በትከሻዬ በኩል እያሳለፈ በመስታወት መንገድ ያይ ነበር፤ ትንሽ ቢለማመድ ኖሮ መሪውን እሰጠው ነበር።

በዋዜማው ከወገዳ ተነስተን ወደ አፋፉ ስንሄድ ዝናብ ጣለ። ከጊዜው የቀደመ፣ ያልተጠራ ዝናብ። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ሲረጥብ ሳሙና ነው። የፊት ጎማዎቹም እንዲጎትቱ ማያያዣቸውን ቆልፌ በአራቱም ጎማ፣ በከባዱ ማርሽ ገባሁ። አንድ መታጠፊያ ላይ መኪናዋ ጀርባዋን ሰጥታ ቦይ ውስጥ ተኛች። ላነሳት ክሪኩን ሥሯ ባስገባ ጭቃው ክሪኩን ዋጠው። ድንጋይ ባስገባ ድንጋዩን ዋጠው። እኔ ራሴ ትንሽ ብቆይ ኖሮ ዛሬ ይህን አታነቡትም ነበር። ሊጡ ሳይቦካ፣ ቀሪቦው ሳይጣል፣ ድግሱ ነገ ነው። ዳንኤል ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ምንም አይልም። ወንጌላዊ ሲናደድ ዝም ነው የሚል፤ ዝምታው ግን ከእኔ ስድብ የከፋ ነበር።

ቤቴል ናት መጀመሪያ የሰማችው። ከአፋፉ በኩል ዘፈን መጣ። የቆላ ዋንዛ ወንዶች የመጫኛ ገመድ ይዘው፣ አህያ እየነዱ፣ እትዬ ጥሩወርቅ ከፊት ሆና። ዘገየን ብለው ዕቃውን ሊቀበሉ ነው የወጡት። ገመዱን ከፊት መጎተቻው ጋር አሰርኩት።

"ሳዛችሁ ነው የምትጎትቱ!" አልኳቸው።

"አንተ ብቻ እዘዝ፤ በሬ ሆነን ነው የመጣን!" አለ አንዱ።

"ቀንበሩ ግን የጴንጤ ነው!" አለ ሌላው፤ ተሳሳቁ።

ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅሁ። እነሱ ሳቡ። አንድ ክንድ ወጣን። እትዬ ጥሩወርቅ ወዲያው ድንጋይ አንከባልላ ከኋላ ጎማው ሥር ደነቀረችው። እንደገና ሳቡ፤ እንደገና ደነቀረች። ያለዚያ የወጣነውን ሁሉ ተመልሰን እንንሸራተት ነበር። መንገዱ ላይ ስንወጣ "ይህን ማን አስተማረሽ?" አልኳት።

"ማንም። የወጣ ነገር እንዳይመለስ ድንጋይ ይደረጋል።" ከዚያ ፈገግ ብላ በጎን አየችኝ። "ያንለትስ እልል ያልኩት ለምን መሰለህ?"

ሞተሩን እስክረሳው ድረስ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። መንደሩ ሁሉ አፏ ቀደማት ብሎ ነበር። የጥሩወርቅ አፍ ግን ሐሳቧን ቀድሞ አያውቅም። ባሏ ከማኅበሩ ፊት ተዋርዶ እንዳይቀመጥ፣ እንግዳውም እንዳያመልጥ፣ በአንዲት እልልታ ሁለቱንም ደነቀረቻቸው።

"ባልሽ ያውቃል?"

"አንተ ምን አገባህ? ንዳ።"

ግንቦት ሚካኤል ደረሰ። የአያ ካሴ ቤት ተለቅልቆ፣ ጉዝጓዙ ተጎዝጉዞ አማረ። አያ ካሴ በር ላይ ቆመው "ግቡ፣ ግቡ" እያሉ ያስገባሉ። ዳንኤል ሸሚዙን ጠቅልሎ፣ ማስታጠቢያ ይዞ የእያንዳንዱን ሰው እጅ ያስታጥባል። ማን ባለቤት፣ ማን ባለተራ እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ሁለት ወንድማማቾች ይመስሉ ነበር። ቄስ ሞላ ጸሎቱን አደረሱ፣ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። ሲጸልዩ ዳንኤል በሩ አጠገብ ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆመ። ከጸሎቱ አልገባም፣ ከቤቱም አልወጣም።

ሲስተር ከወጡ ጎን ከሆሳዕና የተላከ ቆጮ ጋግራ አቀረበች። ቄስ ሞላ አንዱን ቆርሰው አላመጡ፣ አላመጡ፣ አሁንም አላመጡ።

"ይህ ምንድን ነው፣ ልጄ?"

"ቆጮ ነው፣ አባ። ከእንሰት።"

"ጥሩ ነው" አሉ፣ ገና እያላመጡ። "ሁዳዴ ላይ ቢሰጡን ኖሮ አንዱን ጀምረን ፋሲካ ላይ እንጨርሰው ነበር።"

ቀሪቦውን በተመለከተ፣ አንድ ሽማግሌ ማሰሮ ሙሉ ከጠጡ በኋላ ይዞኛል ብለው ተነስተው ሸለሉ። የያዛቸው ስኳር ነው። ማንም አልነገራቸውም።

መጨረሻ ላይ ቄሱ ጽዋውን ለሚቀጥለው ባለተራ ሰጡ፤ ሰውዬው ፈጥኖ ተቀበለ፣ ዳንኤልን በጎን እያየ። ከዚያ እንደ ልማዱ ደጋሹ ቆሞ "የጎደለውን ሙሉልኝ፣ ያነሰውን ይቅር በሉኝ" ይላል። ዳንኤል ተነሳ። አስጠንቼው ነበር። ሳይጀምር አያ ካሴ ቀድመውት ቆሙ።

"የጎደለ አለ" አሉ።

ዳንኤል ደነገጠ። ሲስተርም ከጓዳ ብቅ አለች።

"የእጅ መታጠቢያው ውሃ አልቆ ጥሩወርቅ ሦስቴ ገደል ወርዳለች። በሚካኤል ቀን። በኔ ቤት።" አያ ካሴ ወደ ቄሱ ዞሩ። "አባቴ፣ የላይኛው ዓይን አይነካ። እሱ የመልአኩ ነው። የታችኛው ግን የሚስቶቻችን ነው። ይሥራው። ሲሚንቶውን እኔ እሸከማለሁ።"

ቄስ ሞላ ቤቱን ዞር ብለው አዩ። ማንም "እንመክርበታለን" አላለም። ቄሱ ራሳቸው ሊሉት አፋቸውን ከፍተው ሲተዉት አይቻቸዋለሁ።

"የላይኛው እንደማይነካ በሕዝቡ ፊት ቃልህን ስጥ" አሉት።

"አልነካውም" አለ ዳንኤል።

"ይሁን እንግዲህ።"

"ሲሚንቶው የት ነው ያለ?" አለች እትዬ ጥሩወርቅ፣ መቀነቷን እያጠበቀች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሾፌር ብቻ ነው የሚያምነኝ። ከወገዳ አፋፉ ድረስ እኔ እመላለሳለሁ፤ ከአፋፉ ወደ ታች ሰዉ ይሸከማል። ቧንቧውን ረጃጅሞቹ በትከሻ፣ ሲሚንቶውን በአህያና በጀርባ። አሸዋውን ከወንዙ ሴቶቹ አወጡት። ዳንኤል ግንቡን ሲሠራ ቄስ ሞላ ጭራቸውን ይዘው ከላይኛው ዓይን አጠገብ ተቀምጠው ይውላሉ። መጀመሪያ ለጥበቃ ነበር። ኋላ ላይ ድንጋይ ማቀበል ጀመሩ። ከዚያም "ይህች ጠማማ ናት፣ አውጣት" ማለት ጀመሩ፤ ልክም ነበሩ።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ውሃው የታችኛው ሰፈር ሜዳ ደረሰ። ሕዝቡ ወጣ፤ ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ካህን፣ አህያ። ቧንቧው ገና አልተከፈተም። ቄስ ሞላ ዳንኤልን "በል፣ ቃል ተናገር" አሉት።

አስቡት። ሰውዬው ሰባኪ ነው። ከሆሳዕና እዚህ ድረስ የመጣው ለዚህ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ሲወርድ ሲወጣ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ላይ ተቀምጦ፣ ጸጥ ብሎ፣ አፍ አፉን እያየ አንድም ቀን አላገኘውም። ዛሬ አገኘው። ቄሱ ራሳቸው ናቸው የፈቀዱለት። እኔም ድንጋይ ፈልጌ ተደላድዬ ተቀመጥኩ፤ ይህ ነገር እስከ ማታ ይሄዳል ብዬ።

ዳንኤል ሕዝቡን አየ። ሚስቱን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጀሪካናችሁን አቅርቡ" አለና ቧንቧውን ከፈተው።

ቄስ ሞላ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ መስቀላቸውን አውጥተው የቆመውን ሁሉ ባረኩ። እሱንም ጭምር።

ቤተሰቡ ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። እኔ አሁንም እነዳለሁ፤ ስማዳ ስወርድ አፋፉ ላይ ቆሜ ቁልቁል አያለሁ፣ አመሰግናለሁ። በዚያ ገደል የወጣሁባቸው ቀናት በሙሉ ተሰብስበው ቢመጡብኝ አንዷንም አልመልስም፤ ጉልበቴ ግን የራሱ አስተያየት አለው።

ገና መሪ ለጨበጣችሁ ልጆች የምነግራችሁ ይህን ነው። የሰው አገር ስትደርሱ፣ የጫናችሁትን ከማራገፋችሁ በፊት የሚሰጧችሁን ተቀበሉ። ጭነቱ የትም አይሄድም።